የታሰረ አየር በጎንደር

ስለ ድምፅ ማጉያ ወሬ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠቀሰው ዋት ነው። ሞንታርቦ ሊከራይ የሄደ ሰው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም ከዚያ ሌላ የሚመለስ ነገር ያለ አይመስለውም። ስፒከሩ የተገጠመበት ሳጥን እንደ ልባስ ይቆጠራል፤ ማዕዘኑ ካልተላቀቀና ቀለሙ ካልተፋቀ ማንም አይጠይቅለትም። የጎንደርን የሙዚቃ ታሪክ ከመነሻው የተከተለ ሰው ግን ትልቁ ጉዳይ ሳጥኑ ሆኖ ያገኘዋል። ኤሌክትሪክ እስኪመጣ ድረስ በዚህች ከተማ ድምፅ የጎላው በእንጨትና በቆዳ መካከል በታሰረ አየር ነበር። ኤሌክትሪኩ ሲመጣም አየሩ የሚገዛበት ሕግ እንደነበረ ቀጠለ፤ የተለወጠው ሳጥኑን የሚሠራው ሰው ነው። ቀድሞ መሣሪያው ለሚጫወትበት ቦታ የሚስማማውን ሳጥን የሚጠርበው እዚያው ያለው ባለሙያ ነበር፤ በኋላ ግን ሳጥኑ ልኬቱ ተወስኖና ተዘግቶ ከባሕር ማዶ መምጣት ጀመረ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፦ ዛሬ አንድ የጎንደር ጊታር ተጫዋች የስፒከር ሳጥን አስልቶ ቢሠራና ቀዳዳውን ለክቶ ቢበሳ የተቋረጠ ሙያ ይቀጥላል እንጂ አዲስ ነገር አይጀምርም፤ እንዲያውም የደጋው አየር ራሱ ይህን ያስገድደዋል። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዐፄ ፋሲል በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ የቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን የቤተ ክህነትም መዲና ሆነች። የአቋቋም፣ ማለትም የማሕሌቱ ዝማሬና ሽብሸባ፣ ትምህርት ጎንደር ላይ እንዴት እንደጸና፣ የከተማዋ የበዓታ ቤተ ክርስቲያን ለአቋቋም ምን እንደሆነች ለካህናቱ መንገር አያስፈልግም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን መሣሪያው ነው። የማሕሌቱ ከበሮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ ሁለቱም በቆዳ ይለበጡና ጠፍሩ ከአፍ እስከ አፍ እየተመላለሰ ያጠብቃቸዋል። ሰፊው ሲመታ ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ መውጫ ያጣው አየር እንደ ሞላ ይጨመቅና በሌላው ጫፍ ያለውን ቆዳ ይገፋዋል። ግንዱ ቢያጥር ሞላው ይደርቃል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ቢረዝም ደግሞ ይላላል፤ ድምፁም ይወፍራል። ከበሮ ጠራቢው ይህን በቀመር አልጻፈውም፤ ነገር ግን ስንት ክንድ እንደሚፈለፍል፣ ቆዳውን ምን ያህል እንደሚወጥር ያውቃል። መሐንዲሶች ዛሬ «የሳጥን ይዘት» የሚሉት ያንኑ ነው።

ከፋሲል በኋላ በግቢው ውስጥ ከተሠሩት ሕንፃዎች መካከል አንዱ ለድምፅ ታሪክ የተለየ ቦታ አለው። ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት ዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ያሠሩት አዳራሽ እስከ ዛሬ የዘፈን ቤት እየተባለ ይጠራል። ንጉሡ አዝማሪ ወዳጅ ነበሩ ተብሎ በካህናቱ ዘንድ የታሙበትን ሐሜት ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወውና ግድግዳውን እንመልከት። ድንጋይና ኖራ ድምፅ አይጠጡም። በሣር ክዳንና በጭቃ ምርጊት የተሠራ ቤት ውስጥ የመሰንቆ ድምፅ ከክሩ ሳይርቅ ይዋጣል፤ በድንጋይ አዳራሽ ውስጥ ግን ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይቆያል። ስለዚህ የዘፈን ቤት ራሱ መሣሪያውን የሚያጎላ ሁለተኛ ሳጥን ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ነጠላ አዝማሪ ብዙ መኳንንት በተቀመጠበት አዳራሽ እንዲሰማ ያደረገው የክንዱ ብርታት ብቻ አልነበረም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገብቶ በ1771 መጨረሻ ወጣ። ስለ አገሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች የጻፈውን ደብዳቤ የእንግሊዙ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ በ1776 ባሳተመው የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ አወጣው። ብሩስ የቆጠራቸው ስድስት ናቸው፦ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና ክራር። የመጀመሪያዎቹ አራት ለጦርነት፣ ጸናጽሉ ለቤተ ክርስቲያን፣ ክራሩ ለደስታ ነው ይላል። መሰንቆ የለም። ከዚህ ተነሥቶ መሰንቆ በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ አልነበረም ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው፤ ብሩስ የጻፈው በአብዛኛው በቤተ መንግሥት፣ በሠራዊትና በማሕሌት ዙሪያ ያየውን ነው፤ በገናም እኮ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዝርዝሩ የሚገኘው ጠቃሚ ነገር ሌላ ነው፤ ከስድስቱ ሦስቱ፣ ማለትም ነጋሪት፣ ከበሮና ክራር፣ ባዶ እንጨት ወይም ቅል ቆዳ ለብሶ ድምፅ የሚሰጥባቸው ናቸው። የአገሩ ባለሙያ ድምፅ ማጉላት ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት መፍትሔ የታሰረ አየር ነበር።

መሰንቆን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ከስፒከር ሳጥን ጋር እጅግ የሚቀራረበው እሱ ነውና። አራት ጣውላዎች በሰያፍ ተገጥመው ማዕዘናዊ ሣጥን ይሆናሉ። ፊትና ጀርባው በቆዳ ይለበጣል፤ እጀታው በሳጥኑ ውስጥ አልፎ ይወጣል። ከፈረስ ጭራ የተሠራው አንዱ ክር በቆዳው ላይ በቆመች ትንሽ ድልድይ ላይ ያርፋል። ደጋኑ ዕጣን ተቀብቶ ክሩን ሲፈገፍገው ድልድይዋ ትንቀጠቀጣለች፤ እሷ ቆዳውን፣ ቆዳው አየሩን፣ አየሩ የጀርባውን ቆዳ ያንቀሳቅሳል። ክረምት ሲገባ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ስለዚህ አዝማሪው ከመጫወቱ በፊት እሳት ዳር ያሞቀዋል፤ በጣቱ መታ መታ እያደረገም ድምፁን ያዳምጣል። ይህ መታ መታ የሳጥኑን ድምፅ ከክሩ ለይቶ መስማት ነው።

በአውሮፓ ይህን ነገር በቀመር ያስቀመጠው ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ ነው፤ ስለ ድምፅ ስሜት የጻፈው መጽሐፍ በ1863 ታተመ። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲሉ የሚሰማው ድምፅ የሚወጣው ከመስታወቱ እንዳልሆነ አሳየ፤ በአንገቱ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆነው ይወዛወዛሉ። ሆዱ ሲሰፋ ድምፁ ይወርዳል፣ አፉ ሲሰፋ ይወጣል፣ አንገቱ ሲረዝም እንደገና ይወርዳል። የስፒከር ሳጥን ቀዳዳ የሚሰላበት ሕግ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፦ መሰንቆ ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ ከቀዳዳ ሳጥን ጋር ማመሳሰሉ ግጥም ነው ይባላል። ተቃውሞው ግማሹ ልክ ነው። መሰንቆ ቀዳዳ ባይኖረውም ማንም በቀጥታ የማይነካው የጀርባ ቆዳ አለው፤ የሳጥኑ አየር ነው የሚነዳው። አሜሪካዊው ሃሪ ኦልሰን በ1930ዎቹ ለስፒከር ያቀረበው አንዱ መላ በቀዳዳው ፈንታ መግነጢስም ሽቦም የሌለው ሁለተኛ ኮን መትከል ነበር፤ በአየር ብቻ የሚገፋ። አካሄዱ ከመሰንቆው ጀርባ ጋር አንድ ነው። አዝማሪው ለኦልሰን አስተማረ እያልን አይደለም፤ ሁለቱም ያጋጠማቸው ችግር አንድ ስለሆነ መፍትሔውም ተቀራረበ።

በገናን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም፤ ከሳጥን ሌላ የሆነ ሁለተኛ መንገድ የሚያሳየው እሱ ነው። የበገና አሥር አውታሮች ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ ድምፃቸው እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ሳጥኑ ግን ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በሙሉ ኃይል ወደ አየር ለማውጣት ይጠባል። ባለሙያዎቹ ያገኙት መላ እንዚራው ነው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባ የቆዳ ቁራጭ። አውታሩ እየነካው ሲያልፍ ያ የታወቀው እዝዝታ ይወጣል። እዝዝታው ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉ ብዙ ድምፆችን ይወልዳል፤ ጆሮ እነሱን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላል። በኤሌክትሪክ ጊታር ዓለም አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህን የምናነሣው በኋላ ለሚመጣ ክርክር ስለሚያስፈልገን ነው።

በ1908 አዝማሪ ተሰማ እሸቴ በርሊን ውስጥ ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ፤ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች እነዚያ ናቸው። ያኔ ማይክሮፎን ለሸክላ አልደረሰም፤ ዘፋኙ በቀንድ መሰል ጡሩምባ ውስጥ ይዘፍናል፣ የአየሩ ግፊት ብቻ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የሸክላው ጥራት የተመሠረተው በዘፋኙ ጉሮሮና በመሰንቆው ሳጥን ላይ ነበር። በ1925 ግን ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ የምንጠቀምበትን የኮን ስፒከር አሳወቁ። ስፒከሩ አንድ ችግር ይዞ መጣ፤ ኮኑ ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከኋላው ይስባል፣ ዝቅ ያለው ድምፅ በጠርዙ ዞሮ ራሱን ይበላል። ሳጥን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሳጥኑን ከዘጉት የኋላው ድምፅ ይባክናል። አልበርት ቱራስ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ያሰበው የኋላውን ድምፅ በተለካ ቀዳዳ አዙሮ ከፊተኛው ጋር ማስማማት ነው፤ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በሐምሌ 26 ቀን 1932 ነበር። በዚያው ወር የፈረንሳዩ ማርሴል ግሪዮል ቡድን ጎንደር ገብቶ ሰፍሯል፤ ሚሼል ሌሪስ የዛር ሥነ ሥርዓቱን እየተከታተለ ይጽፋል። የሁለቱ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ ግን ልብ ይሏል፦ አሜሪካ ላይ የታሰረን አየር በቀዳዳ ማሠራት አዲስ ግኝት ተብሎ ሲመዘገብ፣ ጎንደር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሰዎችን የሚያናውጠው ከበሮ ያለ አንዳች ሽቦ በታሰረ አየር ይሠራ ነበር።

ጣሊያን በ1936 ገብቶ ጎንደርን የአስተዳደሩ መቀመጫ ሲያደርጋት ፒያሳው፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው ተሠሩ። ድምፅ ያለው ፊልም ከሸራው ጀርባ ስፒከር ይፈልጋል፤ ያም ስፒከር ሳጥን ይፈልጋል። ከተማዋ በኅዳር 1941 ነፃ ስትወጣ ሕንፃዎቹ ቀሩ፤ ድምፅ ከውጭ በመጣ ዝግ ዕቃ ውስጥ ይወጣል የሚለው ልማድም አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ነው፤ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ቀጥሎም ዋልያስ፣ አይቤክስና ሮሃ ባንድ። የኤሌክትሪክ ጊታር ወደ ክፍላተ ሀገር በሰፊው የወረደው በደርግ ዘመን በየቦታው በተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ነው። ክራርና መሰንቆ ከጊታር ጎን መድረክ ላይ የቆሙትም ያኔ ነው። ጊታሩ የራሱ ሳጥን ይዞ መጥቷል፤ ክራሩ ግን በማይክሮፎን አማካይነት ለሌላ ሥራ የተሠራ ሳጥን ተበደረ። ከዚህ ቀን ጀምሮ የክራር ሠሪው ጥበብ በመድረክ ላይ ግማሹን ዋጋ አጣ፤ ሰሚው የሚሰማው እሱ ያልሠራውን ሳጥን ሆነ።

በዓለም ግን በዚሁ ወቅት ሳጥን መሥራት የፋብሪካ ምሥጢር መሆኑ አከተመ። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961 በቀዳዳ ሳጥን ላይ ያሳተመው ጥናት፣ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካስፋፋው ሥራ ጋር ተደምሮ፣ ማንኛውም ሰው የስፒከሩን ጥቂት ቁጥሮች ይዞ የሳጥኑን ስፋት እንዲያሰላ አስቻለው። ለጊታር ከተሠሩት የቀዳዳ ሳጥኖች አንዱ፣ የኤሌክትሮ ቮይሱ ቲኤል 806፣ በተጫዋቾች ዘንድ የሚጠራው በዚሁ በቲል ስም ነው። ስሌቱ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንየው። 50 ሊትር አየር የሚይዝ ሳጥን፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ቢበሳበት፣ አየሩ የሚወዛወዘው በሴኮንድ 67 ጊዜ ያህል ነው። ጣውላው ቀጭን ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ዝቅ የሚለው በቀዳዳው ፊትና ኋላ ያለው አየርም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ ብዙ አናጢ የሚሳሳተው ይህን ረስቶ ነው። እዚያው ቀዳዳ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ቢገባ ወደ 52 ይወርዳል። የጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ስለሚርገበገብ ባዶው ቀዳዳ ለጊታር፣ ቱቦው ዝቅ ያለ ድምፅ ለሚያወጣው ለቤዝ ክራር ይቀርባል።

አሁን ወደ ደጋው እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ23 በመቶ ያህል ያንሳል። ይበልጥ ከፍ ባለችው ደባርቅ ላይ ልዩነቱ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት ስለሆነ ከፍታው የሳጥኑን ውዝዋዜ አይለውጠውም፤ ሙቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ያ 67 ጎንደርም ሆነ ምፅዋ 67 ነው። የሚለወጠው ሞላው ነው። የሳሳ አየር ሲጨመቅ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው፤ ስፒከሩ የራሱን ጥንካሬ ይዞ ስለሚመጣ ሳጥኑ በአንጻሩ የሰፋ ያህል ይሆናል። በአውሮፓ ቆላ 50 ሊትር ተብሎ የተነደፈ ሳጥን ጎንደር ላይ ተመሳሳይ ጠባይ እንዲኖረው ወደ 39 ሊትር መጥበብ አለበት፤ ውዝዋዜውን 67 ላይ ለማቆየት ደግሞ የቀዳዳው ርዝመት፣ ጣውላውን ጨምሮ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሥዕሉን እንዳለ የገለበጠ ሰው የሚያገኘው የላላ ቤዝና ከሚገባው በላይ የሚወዛወዝ ኮን ነው። ከዚህም ሌላ ኮኑ ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስ በሳሳ አየር የሚፈጥረው የድምፅ ግፊት በሁለት ዴሲቤል ያህል ያንሳል። ሁለት ዴሲቤል ምን አላት የሚል ይኖራል፤ ለጆሮ እውነትም ትንሽ ናት። የሳጥኑ ከአምስት አንድ እጅ በላይ መጥበብ ግን ትንሽ አይደለም። የከበሮና የመሰንቆ ሠሪዎች ይህ ችግር ፈጽሞ አልገጠማቸውም፤ በደጋ አየር ጠርበው በደጋ አየር ስለሚያዳምጡ ማስተካከያው በእጃቸው ውስጥ ነበር።

የፋብሪካ ሳጥን እያለ አናጢ ዘንድ መሄድ ለምን አስፈለገ የሚለው ክርክር ክብደት አለው። በየከተማው ከቺፑድ የሚገጣጠመው ሳጥን ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ክረምት እርጥበት ሲገባው ጠርዙ ያብጣል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የተላቀቀው ገጽ ደግሞ የራሱን ጩኸት ይጨምራል። ይህ ግን የቁሱና የስሌት መጓደል እንጂ በእጅ የመሥራት ጥፋት አይደለም። ኮምፖርሳቶ በኮላ ተጣብቆ፣ መሐሉ በመስቀለኛ ጣውላ ተደግፎ ቢሠራ ነገሩ ሌላ ነው። መፈተሻውም ውድ አይደለም። ከስልክ ላይ ዝቅ ያለ ድምፅ በአምፕሊፋየሩ በኩል እየለቀቁ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ነው፤ የሳጥኑ ውዝዋዜ ላይ ሲደርስ ኮኑ ላይ ጣት ቢያሳርፉ ቀጥ ብሎ ሊቆም ምንም አይቀረው፣ በቀዳዳው አፍ የተያዘ የወረቀት ቁራጭ ግን በኃይል ይርገበገባል። ቦታው ከታሰበው ከፍ ካለ ቱቦውን ማርዘም፣ ዝቅ ካለ መቁረጥ። አዝማሪው እሳት ዳር ሆኖ ቆዳውን መታ መታ የሚያደርገው ለዚሁ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሙያተኞቹ ከራሳቸው ይመጣል፤ ጊታር ቤዝ አይፈልግም፣ ስለዚህ ቀዳዳው ትርፍ ነው ይላሉ። ማርሻል ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስሙን ያስጠራው በዝግ ሳጥን፣ ፌንደርም ጀርባው በተከፈተ ሳጥን ነው፤ ሁለቱም የቀዳዳ ስሌት አላስቸገራቸውም። ለዚህ መልሱ በገናው ላይ አለ። አምፕሊፋየሩ ሻካራ ድምፅ ካወጣ ጆሮ መሠረቱን ራሱ ስለሚሞላ ዝጉ ሳጥን ይበቃል። ንጹሕ ድምፅ ለሚጫወት፣ በተለይ በአንድ ጊታር ቤዙንም ዜማውንም ለሚሸከም ተጫዋች ግን ያ እርዳታ የለውም፤ ቀዳዳው የሚጠቅመው ለእሱ ነው። ቤዝ ክራር ላይ ጥቅሙ ይበልጥ ግልጽ ነው።

በመሰንቆ በኩል ፍርዱ ይገለበጣል። ጎንደር አጠገብ ካለችው የአዝማሪዎች መንደር ቡርቧክስ የሚመጡ ተጫዋቾች በዛሬው አዝማሪ ቤት ውስጥ መሰንቋቸው ላይ ሽቦ ያስገባሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ስፒከሩ ከወንበሩ ሁለት እርምጃ አይርቅም። የመሰንቆው ሁለት ቆዳዎች የስፒከሩን ድምፅ መልሰው ይቀበሉታል፤ ያ የሚያደነቁር ፉጨት የሚመጣው ከዚያ ነው። መሰንቆ ደግሞ ከ100 ኸርትዝ (በሴኮንድ 100 ጊዜ) በታች እምብዛም የሚያወጣው ነገር ስለሌለው በቀዳዳው የሚያተርፈው የለም፤ ይልቁንም በቀዳዳው የሚያመልጠው የሳጥኑ ውስጥ ድምፅ ቆዳውን ተጨማሪ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ አንድ አናጢ ለአንድ አዝማሪ ቤት ሁለት ሳጥን ቢታዘዝ፣ ለቤዝ ክራሩ የሚሆነውን በቱቦ ከፍቶ ከግድግዳው አጠገብ ወለል ላይ፣ ለመሰንቆው የሚሆነውን ደግሞ ጠበብ አድርጎ፣ ዘግቶና በውስጡ ጥጥ ሞልቶ፣ ከአዝማሪው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ቢያስቀምጠው ያዋጣዋል።